ሹፌሬ ከመንገዱ ወጥቶ ሰው ገጨ፤ ከፋይዋ እኔ ነኝ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ገርጂ አካባቢ አነስተኛ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለኝ። አንድ አይሱዙም አለኝ፣ ሊብሬው በስሜ ነው። ባለፈው ወር ሹፌሬን ቃሊቲ ብረት ጭኖ እንዲመጣ ላክሁት። እሱ ግን ሳይነግረኝ ለአክስቱ ፍራሽ ሊያደርስ ሳሪስ ውስጥ ለውስጥ ገባ። እዚያ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጨ። ሰውየው እግሩ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። ዜብራ ላይ አልነበረም ይላሉ። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ልከው ካሳ እየጠየቁኝ ነው። ከሹፌሩ ጋር የተፈራረምነው ውል ‹ለሚደርሰው አደጋ ሹፌሩ ራሱ ኃላፊ ነው› ይላል። መኪናው ውስጥ አልነበርኩም፣ ሳሪስ ግባም አላልኩትም። ተጠያቂ ነኝ? ከደመወዙስ መቁረጥ እችላለሁ? ደግሞ በራሱ ሞተር ሳይክል እየዞረ ሂሳብ የሚሰበስብልኝ ልጅ አለ። ነገ እሱ ሰው ቢገጭስ?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎ። አዎ፣ ተጠያቂ ነዎት። ምክንያቱ ግን እርስዎ የሚያስቡት አይደለም። ጥያቄዎ ሁሉ «ልኬዋለሁ ወይስ አልላክሁትም» በሚለው ላይ ነው የሚሽከረከረው። ተጎጂው ግን እርስዎን ለመክሰስ ልከውት እንደነበር ማስረዳት እንኳ አያስፈልገውም። ሊብሬውን ማቅረብ ይበቃዋል።

ከዓመታት በፊት አንድ ጅምላ ነጋዴ ደንበኛዬ ነበሩ። ጉዳያቸው ከእርስዎ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ችሎት ሲቀርቡ የመኪናውን የመውጫ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ። መድረሻው ተጽፎበታል፣ ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያ መስመር የሚያድናቸው መስሏቸው ነበር። ዳኛዋ ወረቀቱን አየት አድርገው ወደ ጎን አኖሩት። ከዚያ የሊብሬውን ኮፒ አነሱና «ይህ ስም የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «የእኔ» አሉ ሰውየው። በባለቤትነት ላይ የነበረው ክርክር ያኔውኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ካሳው መጠን ብቻ ነበር።

እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ላስረዳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ መኪና አደጋ ሁለት የተለያዩ በሮች ከፍቷል። አንደኛው የባለቤት በር ነው፣ አንቀጽ 2081። ሁለተኛው የአሠሪ በር ነው፣ አንቀጽ 2130። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በባለቤት በር ከገባን ሕጉ ጥፋት አይፈልግም። የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናውን ሲነዳ የነበረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው። ማምለጫው መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። ልብ ይበሉ፣ «ሳይፈቀድለት ነዳው» እና «ተሰረቀ» አንድ አይደሉም። ቁልፉን ለሹፌሩ በእጅዎ ሰጥተውታል። ሳሪስ መታጠፉ መኪናውን የተሰረቀ አያደርገውም።

ሕጉ ለምን እንዲህ ከበደ? እኔ በዚህ ነገር ከሕጉ ጋር ነኝ። ከባድ መኪና መንገድ ላይ የሚያወጣ ሰው አደጋም አብሮ ያወጣል፣ ትርፉም የእሱ ነው። መንገድ የሚያቋርጠው ሰው ማን ወዴት እንደላከው፣ ፍራሹ የማን እንደሆነ ምን ያውቃል? እሱ የሚያውቀው እግሩ መሰበሩን ነው። ካሳውን ከሹፌሩ ብቻ ይጠይቅ ቢባል ደግሞ አብዛኛው ሹፌር ከወር ደመወዙ ሌላ የለውም።

አንቀጽ 2086 መከላከያዎችን ይዘረዝራል፤ ብዙዎቹን ለመዝጋት ነው የሚዘረዝራቸው። «ጥፋት አልፈጸምኩም» ማለት ባለቤቱን አያድንም። «ላስቀረው አልችልም ነበር» ማለትም አያድንም። «የሌላ ሰው ጥፋት ነው» ማለትም እንዲሁ። ከስርቆቱ ሌላ የሚቀረው አንድ ነው፤ የተጎጂው የራሱ ጥፋት። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በእሱ ጥፋት ከደረሰ ባለቤቱ ነፃ ይሆናል። በከፊል ከሆነ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ስለዚህ ለእርስዎ «ዜብራ ላይ አልነበረም» የሚለው ነገር ከ«ሳሪስ ግባ አላልኩትም» በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያ ግን በወሬ አይጸናም። የትራፊክ ፖሊሱ የሳለውን የአደጋ ፕላን ያግኙ። ሰውየው የወደቀበት ቦታ፣ ከዜብራው ያለው ርቀት፣ የፍሬን ምልክቱ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ እዚያ ላይ በሜትር ይሰፍራል። ዜብራ አለመርገጥ ብቻውን ሁሉንም ጥፋት ተጎጂው ላይ አይጥልም። ሹፌሩ ውስጥ ለውስጥ ሰፈር በፍጥነት ሲነዳ ከነበረ ጥፋቱን ይጋራሉ። ዳኛ የሚያመዛዝነው ሁለቱንም ነው።

የገጨው እግረኛን ሳይሆን ሌላ መኪናን ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ይለይ ነበር። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይቆጥራል፣ ኪሳራውንም ግማሽ በግማሽ ይጥልባቸዋል። ያ የሚቀረው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንዱ ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው።

አሁን ወደ አሠሪው በር ልሂድ። ለሞተረኛው ልጅ ጥያቄዎ የሚያስፈልገው እሱ ነው። አንቀጽ 2130 የሚለው አሠሪ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ለሚደርስበት ኃላፊነት ተጠያቂ ነው። ድርጅትዎ በንግድ ማኅበርነት የተቋቋመ ከሆነ ተመሳሳዩ ነገር በአንቀጽ 2129 ይገኛል። እዚህ ጋ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው «ሥራውን ሲያከናውን» በሚለው ላይ ነው።

ድርጊቱ ለሥራው ዓላማ የተደረገና በሥራው ወሰን ውስጥ መሆን አለበት። ግን አንድ አሠሪዎችን ሁሌ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። አሠሪው «እንዲህ እንዳታደርግ» ብሎ ከልክሎት የነበረ መሆኑ ብቻውን አያድነውም። ተጎጂው ክልከላውን ካላወቀና ሊያውቅ ይገባው ነበር ካልተባለ፣ ክልከላው በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል ይቀራል። «ከ60 በላይ እንዳትነዳ» ብለው ጽፈው ቢያስፈርሙትም በ90 ሲነዳ የገጨው ሰው ያንን ወረቀት አላየውም።

በዚያ ላይ አንቀጽ 2132 ግምት ይወስዳል። ሠራተኛው ዘወትር በሚሠራበት ቦታና ሰዓት ጉዳት ካደረሰ፣ በሥራ ላይ ሳለ እንዳደረሰ ይቆጠራል። አይደለም የሚል አሠሪ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ተቃራኒውን የያዘው አንቀጽ 2133 ነው፤ ሥራው ለሠራተኛው ጉዳቱን ለማድረስ አጋጣሚ ብቻ ከሆነለት አሠሪው አይጠየቅም። የፍራሹ ታሪክ በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ነው። መኪናው የእርስዎ ባይሆን ኖሮ «ለአክስቱ ፍራሽ ማድረስ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው በደንብ መከራከር ይችሉ ነበር። የመውጫ ወረቀትም ያኔ ዋጋ ያገኝ ነበር። መኪናው የእርስዎ ስለሆነ ግን ከአንዱ በር ቢወጡ በሌላው ይገኛሉ።

ሞተረኛው ልጅስ? ሞተሩ የራሱ ነው፣ ስለዚህ በባለቤት በር የሚጠየቀው እሱ ነው። እርስዎ ግን አልወጡም። ሂሳብ ሊሰበስብ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሲሄድ ሰው ቢገጭ ሥራዎ ላይ ነው። ተጎጂው እሱንም እርስዎንም በአንድ ክስ ሊያቀርብ ይችላል። «ሞተሩ የራሱ ነው፣ ነዳጁንም ራሱ ነው የሚቀዳው» ማለት መልስ አይሆንም። ማታ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ወይም እሑድ ሚስቱን አፈናጥጦ ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ ግን የእርስዎ ሥራ ላይ አይደለም።

እዚህ ጋ ማጣራት ያለብዎት ልጁ በእርግጥ ሠራተኛዎ መሆኑን ነው። አንቀጽ 2134 በራሱ ነፃነት የሚሠራ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ሥራውን የሰጠውን ሰው ተጠያቂ አያደርግም። አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተው ሲሚንቶ ቢያስመጡ፣ መኪናው የባለቤቱ ነው፣ ሹፌሩም በባለቤቱ ትዕዛዝ ሥር ነው። እርስዎ የዕቃው ባለቤት ብቻ ነዎት። ሞተረኛዎ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ይገባል፣ የሚዞርባቸውን ሱቆች እርስዎ ይነግሩታል፣ ማታ ለእርስዎ ያስረክባል። ውሉ ላይ «የኮሚሽን ሠራተኛ» ወይም «ነፃ ወኪል» ተብሎ ቢጻፍም ፍርድ ቤት የሚያየው ማን ማንን እንደሚያዝ ነው።

ለእሱ ዛሬውኑ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። የመንጃ ፈቃዱን ያስመጡና በዓይንዎ ይዩት። ለሞተር ሳይክል የሚሆን ነው? የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜው አላለፈም? ኮፒ ወስደው የሚያበቃበትን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። የመድኑን ዓመታዊ ክፍያ እርስዎ ቢሸፍኑለት ደግሞ የሚወጣው ብር ከሚመጣው ጣጣ ጋር አይወዳደርም።

ወደ አይሱዙው ልመለስ። መድን እንዳለው አልነገሩኝም፣ ግን ሊኖረው ግድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መኪና መንገድ ላይ ማውጣት ክልክል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «መድን አለኝ፣ እሱ ይከፍላል» ብሎ እጁን ሲያጣጥፍ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ አለው። ለሞት፣ ለአካል ጉዳትና ለንብረት የሚከፈለው በሕግ የተወሰነ ነው። ፍርድ ቤት የወሰነው ካሳ ከጣሪያው ካለፈ ልዩነቱ የባለቤቱ ዕዳ ነው። እግሩ ላይ ብረት ገብቶለት ወራት የሚተኛ ሰው፣ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው፣ ጣሪያውን ለማለፍ ጊዜ አይፈጅበትም። ከግዴታው በላይ ተጨማሪ ሽፋን ገዝተው ከሆነ ውልዎን አውጥተው ያንብቡት።

ሌላም አለ። መድን ድርጅቱ አደጋውን ቶሎ እንዲያውቅ ይፈልጋል። ሳያማክሩት «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብለው መፈረምዎንም አይወደውም፤ አብዛኛው የመድን ውል ይህን ይከለክላል። ሽማግሌዎች ቤትዎ መጥተዋል። ነገ ሁለተኛ ይመጣሉ። እባክዎ ከመፈረምዎ በፊት አደጋውን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የተቀበሉበትን ማህተም ያለበት ኮፒ ይያዙ።

ሽምግልናውን ግን አይግፉት። በአገራችን የዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙው በሽማግሌ ነው የሚያልቀው፣ ለሁለቱም ወገን ይሻላል። ፍርድ ቤት ቢሄዱ ዓመታት ይፈጃል፣ ሰውየው ደግሞ አሁን ነው የሚራበው። ሆስፒታል ሄደው ይጠይቁት። መጠየቅ ጥፋትን ማመን አይደለም። እዚህ አገር ገጭቶ ድምፁን ያጠፋ ሰው ላይ የሚከርረው ቂም ከካሳው ይብሳል። ለሕክምና የሚሰጡትን ገንዘብ በደረሰኝ ወይም በባንክ ይስጡ። በኋላ ከካሳው ላይ የሚታሰብልዎ ማስረጃ ካለዎት ነው።

እርቁ ሲደረስ በጽሑፍ ይሁን። የተከፈለው ምን ምንን እንደሚሸፍን ይዘርዝር፦ ያለፈው ሕክምና፣ የሚመጣው ሕክምና፣ የቀረበት ገቢ፣ ቋሚ ጉዳት ካለ እሱም። ሰውየው ገና በክራንች ሳለ «ሁሉንም ጨርሰናል» ብሎ ማስፈረም ለእሱም ግፍ ነው፣ ለእርስዎም አይበጅም። ቋሚ ጉዳት መኖሩን የሕክምና ቦርድ በመቶኛ እስኪወስን ቢጠብቁ ሁለታችሁም የምትነጋገሩበትን ታውቃላችሁ።

የካሳው ስሌት የሚነሳው ከደረሰው ጉዳት ነው። የወጣ ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ። የጉዳቱ መጠን በትክክል ሊሰላ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰለው ግምት ይወስናል። የሚገርመኝም የሚያሳዝነኝም የሕሊና ጉዳት ካሳ ነው። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ይገድበዋል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጁን በአደጋ ያጣ አባት ለኀዘኑ 1,000 ብር ሲፈረድለት ችሎት ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ይህ ቁጥር መቀየር ከነበረበት ቆይቷል።

የወንጀሉ ነገር ለብቻው ነው። ሽምግልናው የካሳውን ጥያቄ ይዘጋል እንጂ የዐቃቤ ሕግን መዝገብ አይዘጋም፣ ቅጣት ሲወሰን ግን መታረቃችሁ ለሹፌሩ ሊጠቅመው ይችላል። የሚከሰሰው ሹፌሩ ነው፣ ባለቤት በሹፌር ጥፋት አይታሰርም። ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 እንደ ሹፌር ያለ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ ከሆነ ወደ ጽኑ እስራት ይወጣል። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባል ደግሞ «እኔም ነፃ ወጣሁ» ብለው እንዳያስቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት በወንጀል ችሎት ነፃ መባል የፍትሐ ብሔር ዳኛን አያስረውም።

ጊዜውንም ይወቁት። የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ አንቀጽ 2143። ድርጊቱ ግን ወንጀል ከሆነና በወንጀል ሕጉ ከዚያ የረዘመ የይርጋ ጊዜ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ካለው፣ የሚሠራው ረጅሙ ነው።

አሁን ወደዚያች «ሹፌሩ ራሱ ኃላፊ ነው» ወደምትለው አንቀጽ። በመሥሪያ ቤት ውሎች ላይ ደጋግሜ አያታለሁ። ተጎጂው ላይ ምንም አትሠራም፣ እሱ አልፈረመባትም። በእርስዎና በሹፌሩ መካከልም ቢሆን ብዙ አትጨምርም፣ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ የከፈለ ባለቤት ጥፋቱን ያስረዳበትን ሹፌር መልሶ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ማስረዳት ግን አለብዎት።

ከደመወዙ እንዲሁ መቁረጥ አይችሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መንገዱን አጥብቦታል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ አንድ ብር አይነካም። ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። «ቅድሚያ ሦስት ወር አልከፍልህም» ያሉ አሠሪዎች የሥራ ክርክር ችሎት ቀርበው ከካሳው ሌላ ሁለተኛ ዕዳ ገዝተው ወጥተዋል። ሹፌርዎ ከተስማማ ጽሑፉ መጠኑንና ወራቱን በግልጽ ያስፍር።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ጫኝ ወይም ረዳት አብሮ ነበር? እሱ ወይም ሹፌሩ ተጎድቶ ከሆነ በዚሁ በ1156 አዋጅ የሥራ ላይ ጉዳት ክፍያ ይመጣል። እዚያም አሠሪው የሚከፍለው ጥፋት ስላለበት አይደለም። ሰክሮ የገባ ወይም የተሰጠውን ግልጽ የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ ጉዳይ ግን ይለያል። ሹፌርዎ በፍራሹ ጉዞ ላይ ከተጎዳ «ለሥራው ሲል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ እውነተኛ ክርክር ይሆናል።

አይሱዙውን ለመሸጥ እያሰቡ ከሆነ ደግሞ ስሙን ሳያዞሩ ቁልፍ አይስጡ። በውክልና ሸጠው ሊብሬው በስማቸው የቀረ ሰዎች፣ ፊቱን እንኳ የማያውቁት ሹፌር ባደረሰው አደጋ መጥሪያ ደርሷቸዋል። መጥሪያው የሚሄደው ሊብሬው ላይ ወዳለው ስም ነው።

ነገ ጠዋት ከሱቅ በፊት መድን ድርጅቱ ዘንድ ይሂዱ። ሊብሬውን፣ የመድን ወረቀቱን፣ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ኮፒና የትራፊክ ፖሊሱን ማስረጃ ይያዙ። መንጃ ፈቃዱ ለአይሱዙ የሚበቃ ደረጃ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፣ ካልሆነ መድን ድርጅቱ ለተጎጂው የከፈለውን መልሶ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላልና ያንን አውቀው መግባት አለብዎት። ከዚያ ወጥተው ሆስፒታል ይሂዱ። ሽማግሌዎቹን ለሳምንቱ መጨረሻ ይቅጠሯቸው።